ማን እንደከፈለ ንገሪያቸው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ አል ዋሕዳ ቤቴ መጥተሽ ከአቦል እስከ በረካ ያጫወትሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ላለው ወገን የአማርኛ ሬዲዮ ልትጀምሪ ነው፤ ለጊዜው በስልክ የሚደመጥና በቴሌግራም የሚላክ፣ እግዜር ካለ ደግሞ ነገ እንደ ሕንዶቹ በኤፍኤም የሚገባ። «ጋሼ፣ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚገኝ ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን እወጣዋለሁ» አልሽኝ። እኔ ግን ያንን ለይቼ ልነግርሽ አልቻልኩም። አዲስ አበባ ዓመታት የኖርኩት በዚሁ ሥራ ነው። በሰው ጣቢያ የአየር ሰዓት ገዝቼ፣ ስፖንሰር ፈልጌ፣ ራሴ ጽፌ በራሴ ድምፅ አንብቤ አልፌበታለሁ። ሬዲዮ የሚቃናውም የሚበላሸውም ማስታወቂያው ላይ ነው። ስለዚህ እንደመጣልኝ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልሽ።

1. የሥራውን አመጣጥ እወቂ።

እ.ኤ.አ. በ1920 ፒትስበርግ አጠገብ ፍራንክ ኮንራድ የሚባል የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ከቤቱ ጋራዥ ሆኖ ሸክላ እያጫወተ በአየር ላይ ይለቅ ነበር። ለራሱ ደስታ ነበር የሚያደርገው። ሰው ግን መስማት ወደደ። የከተማው አንድ ትልቅ መደብር ይህን ሙዚቃ የሚያሰማ መቀበያ ከ10 ዶላር ጀምሮ እንደሚሸጥ ጋዜጣ ላይ አወጣ። የዌስቲንግሃውስ አለቆች ያን ሲያዩ ዓይናቸው ተገለጠ፤ በየቀኑ የሚሰማ ነገር ካለ መቀበያውን ሁሉም ሰው ይገዛዋል። ኬዲኬኤ የሚባለውን ጣቢያ አቆሙና እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 የሃርዲንግንና የኮክስን የምርጫ ውጤት አሰሙበት። ያን ጊዜ የሚሸጠው ዕቃው ነበር፤ ድምፁ ምርቃት ነው።

ሁለት ዓመት አልቆየም። ኤቲ ኤንድ ቲ የስልክ ኩባንያ ነውና ሬዲዮንም እንደ ሕዝብ ስልክ አሰበው፤ የከፈለ ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል። ኒው ዮርክ በሚገኘው ደብሊውኢኤኤፍ ጣቢያው እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1922 ኩዊንስቦሮ የሚባል ኩባንያ 50 ዶላር ከፍሎ 10 ደቂቃ ያህል ተናገረ። አሜሪካኖች የንግድ ሬዲዮን ታሪክ ሲያወሩ ይህችን ቀን ሳያነሡ አያልፉም። የእኛም አገር «ተባባሪ አዘጋጅ» የዚያ አሠራር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ጣቢያው ሰዓቱን ይሸጣል፣ የገዛው ስፖንሰሩን ፈልጎ ይሞላዋል። ኩዊንስቦሮ በዚያች ቀን የሸጠው ምን ነበር መሰለሽ? አፓርታማ። ከከተማው ጭንቅንቅ ወጣ ብሎ አየር ያለበት ቤት። ይህን ያዥልኝ፤ እመለስበታለሁ።

2. አድማጭሽ ማን እንደሆነች እወቂ።

ሰው ሁሉ «አድማጮቼ» ይላል፤ አንዷን እንኳ ለይቶ አያውቅም። ያንቺ አድማጭ ምሽት ላይ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ልብስ የምትተኩስ ልጅ ናት። በአንድ ጆሮዋ ብቻ ነው የምትሰማሽ፣ ከሻሿ ሥር ባስገባችው ማዳመጫ። ሌላው ጆሮዋ እመቤቷ ስትጠራ ለመስማት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 የጀመረው «ማ ፐርኪንስ» የሚባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ድራማ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ሴቶች የተዘጋጀ ነበር። የከፈለበት ኦክሲዶል የሚባል የልብስ ሳሙና ነው፣ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል። እንዲህ ያሉ ድራማዎች «ሶፕ ኦፔራ» የተባሉት ከሳሙናው ነው። እነዚያ ሴቶች የሚያጥቡት የራሳቸውን ቤት ልብስ ነበር። ያንቺዋ የምታጥበው የሰው ነው፤ ያተረፈቻትን ድርሃም ደግሞ ከዚህ ወር እስከዚያ ወር የሚጠብቋት እናትና ወንድም አሏት። አሜሪካዊቷ ሳሙናው ባያምራት የምታጣው የአንድ ፓኮ ዋጋ ነው። ያንቺዋ አንድ ጊዜ ከተሳሳተች የምታጣው የዓመታት ላብ ነው። ማስታወቂያ ሲመጣልሽ መጀመሪያ የምትመዝኚው በዚህ ይሁን።

3. በተገዛ ሰዓት መጀመርን አትናቂ።

መዓዛ ብሩና ባልደረቦቿ ሸገር ኤፍኤም 102.1ን በ2000 ዓ.ም. ከመክፈታቸው በፊት በኤፍኤም አዲስ 97.1 ላይ «አዲስ ዜማ» የሚል ፕሮግራም ነበራቸው። ጆሮውን ያገኙት በዚያ ነው፤ ጣቢያው ኋላ መጣ። አንቺም የሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃሻል። ለዚያች ሰዓት ግን እንቅልፍ አይኑርሽ።

4. በማስታወቂያ ውስጥ «እኔ» አትበዪ።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አዲስ አበባ ሳለሁ እንደዚያ እንደ ኩዊንስቦሮ ያለ አንድ ቤት ገንቢ ኩባንያ የፕሮግራሜ ስፖንሰር ነበር። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ካሬው፣ ፎቁ፣ ቅድመ ክፍያው፣ ውጭ አገር ላሉት የተደረገው ቅናሽ። አንድ ቀን አንብቤ ስጨርስ ከራሴ ጨመርኩበት፤ «እኔ እህቴን የምመክራትም እዚያው እንድትገዛ ነው» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሞቅ ብሎኝ ነው፤ አድማጩ እንደሚወደኝም አውቃለሁ። ስፖንሰሩ ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ ያቺ ንግግር ተቆርጣ በየቀኑ ትለቀቅ ጀመር።

ዓመታት አለፉ፤ እኔም ልጆቼ ዘንድ እዚህ መጣሁ። አንድ ቀን አል ዋሕዳ አውቶቡስ ጣቢያ፣ የአል ዓይን ሰልፍ ላይ ቆሜ በስልክ አወራለሁ። ከፊቴ የነበረች ሴት ቀስ ብላ ዞረች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ በሁለት እጇ ያቀፈችው ፌስታል የበርበሬ ሽታ አለው። ያየችው ፊቴን አይደለም፣ አፌን ነው። «ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና በጣቷ ወደ ድሮው እየወረደች፣ እየወረደች ሄዳ አንድ የድምፅ ቅጂ ነካች። እኔ ነኝ። ካሬው፣ ፎቁ፣ ቅድመ ክፍያው፣ እህቴ።

ቅጂውን የላከችላት አዲስ አበባ ያለች ታናሿ ናት። ሴትዮዋም አል ዓይን በሰው ቤት የሠራችበትን የአራት ዓመት ደመወዝ በዚያ ቃል አምና ላከች። ሕንፃው መሠረቱ ተቆፍሮ ቀረ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል አለችኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ቅጂው ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ለእህትዎስ ተገዛላቸው?»

እኔ እህት የለኝም፣ ልጄ።

አሜሪካኖች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጡት የሬዲዮ ሕግ ውስጥ፣ የተከፈለበት ነገር በአየር ሲውል ማን እንደከፈለበት አብሮ ይነገር የሚል አንቀጽ አስገቡ። በ1934ቱ ሕግም ተደገመ። በእኛም አገር የ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። እኔ ሕጉን አልጣስኩም ነበር፤ የስፖንሰሩ ስም ከፊትም ከኋላም ተጠርቷል። የሸጥኩት ግን ስፖንሰሩ ያልገዛውን ነገር ነው፤ የወንድምነት ቃሌን። ስለዚህ ያንቺ ደንብ ከሕጉ ይጥበቅ። ማስታወቂያ ሲገባ ሌላ ሰው ያንብበው፣ ወይም በፊቱ አንድ የታወቀ ምልክት ድምፅ ይኑር፤ «ይህን ያሰማነው እከሌ ከፍሎን ነው» በዪ። ያንቺ ድምፅ ስለ ዕቃው ምስክር አይሁን።

5. የመድኃኒት ማስታወቂያ በጭራሽ አትቀበዪ።

ጆን ብሪንክሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1923 ካንሳስ ውስጥ፣ ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኬኤፍኬቢ የሚል ጣቢያ ከፈተ። ለደከሙ ወንዶች የአውራ ፍየል ዕጢ እየተከለ ብርታት እሰጣለሁ የሚል «ሐኪም» ነው። ጣቢያው ተወዳጅ ነበር፤ ዘፈኑም ስብከቱም አይጠፋበትም። በመሐል ብሪንክሊ ራሱ ይገባና ሕመምተኞች የጻፉለትን ደብዳቤ ያነብባል። አይቷቸው አያውቅም፤ ግን «ይህን ቁጥር መድኃኒት ውሰጂ» ይላል። በቁጥር የሚታወቀውን መድኃኒት የሚሸጡት ከእሱ ጋር የተስማሙ ፋርማሲዎች ናቸው፤ ከያንዳንዱ ጠርሙስ ለእሱ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 የሬዲዮ ኮሚሽኑ ፈቃዱን አላድስም አለው፤ በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱንም ተነጠቀ። ምን አደረገ? ሜክሲኮ ድንበር ተሻግሮ ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ያለው ጣቢያ ተከለና ወደ አሜሪካ መናገሩን ቀጠለ።

ይህን የማወራሽ ለጨዋታ አይደለም። ገና ሳትጀምሪ የቆዳ ማቅያ፣ የክብደት መጨመሪያ፣ «ለማህፀን ፍቱን» የሚሉ ሰዎች ይመጡልሻል፤ ከሌላው ሁሉ የተሻለ የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው። ክሊኒክ ለመሄድ አሠሪዋን ማስፈቀድ ያለባት ልጅ ሆዷን ሲያማት የቅርብ ሐኪሟ አንቺ ትሆኛለሽ። «ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የጤና መድን ካርድሽ የት እንዳለ ጠይቂ» በያት። ከዚህ ሌላ ከአፍሽ አይውጣ።

6. ዘፈን በጉቦ አታጫውቺ። አለን ፍሪድ የሚባለው የሮክ ኤንድ ሮል አሰሚ እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራውን ያጣው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ በተከታዩ ዓመት ሕጉ ጠበቀ። ዘፋኙ ከከፈለሽ ማስታወቂያ ነውና እንደ ማስታወቂያ ንገሪው።

7. ያገሩን ሕግ ጠብቂ።

እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በኢንተርኔት የሚሠራ የሚዲያ ንግድም ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቀሽ፣ ወረቀትሽን ጨርሰሽ ጀምሪ። ከሁሉ የሚፈትንሽ ደግሞ ይኼ ነው፤ ሆስፒታል የተኛች እህት አለች፣ ሬሳ አገር ቤት መላክ አለበት፣ «እስቲ በሬዲዮሽ ለምኚልን» ይሉሻል። አንጀትሽ አይችልም፣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የልገሳ ሕግ ግን ገንዘብ የሚሰበስበው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። አንቺ ማድረግ የምትችዪው ፈቃድ ወዳለው የበጎ አድራጎት ድርጅትና ወደ ኤምባሲው መምራት ነው። ቁጥሮቹን ዛሬውኑ ጽፈሽ አስቀምጪ፤ የጨነቀው ሰው ሲደውል ፍለጋ አትጀምሪም።

8. በአንድ ከፋይ ላይ አትንጠልጠዪ።

የአዲስ አበባ ኤፍኤሞች አንድ ሰሞን በቢራ ማስታወቂያ ነበር የሚተነፍሱት፤ የስፖርቱም የሙዚቃውም ስፖንሰር ቢራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ በአንድ ቢራ ስም ሲጠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ወዴት ይሂዱ? አዋጁ ትክክል ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ጥፋቱ በአንድ ምሰሶ ቤት መሥራት ላይ ነው።

ትንንሾቹን ሰብስቢ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውን፣ ጸጉር የምትሠራዋን፣ ሽሮና በርበሬ የምታስመጣዋን፣ ምግብ ቤቱን፣ ካርጎውን። ካርጎውን ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪ። አንድ ካርቶን በራስሽ ስም ላኪ፤ መዝነሽ፣ ፎቶ አንሥተሽ፣ አዲስ አበባ የሚቀበልሽ ሰው እንደገና መዝኖ ይንገርሽ። ኪሎው ካልጎደለ፣ ቀኑም ካልተዛነፈ አስተዋውቂ። የቪዛ ደላላና በጓዳ ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን በእጥፍ ቢከፍሉሽም በሩን ዝጊባቸው።

9. የመጀመሪያውን ዝግጅት ለማንም ሳትልኪ ወደ እኔ አምጪው።

ያቺ የነገርኩሽ ሴት አሁንም አል ዓይን ናት። ስልኳን ያን ቀን ሰጥታኛለች፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ዕረፍቷ እሑድ ነው። ከቀናት በ1፡00 አውቶቡስ አል ዋሕዳ ትደርሳለች፤ ጣቢያው ድረስ ወርጄ እቀበላታለሁ። ቡናውን አንቺ ታፈያለሽ። ቅጂውን ከፍተን ሦስታችን እንሰማለን፤ ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ እኔ የማየው የእሷን ፊት ነው። ከከበዳት እዚያው ቁጭ ብለሽ እንደገና ትጽፊዋለሽ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ከእኔ ቤት አይጠፋም።