ብዙ እጅ የሚሠራበት ማድ ቤት፦ በግሸን አካባቢ የማድ ቤት ንድፍ ጥያቄ

መስከረም 21 በግሸን ማርያም የሚከበረው በዓል ሲቃረብ፣ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ማድ ቤት ከወትሮው የበዛ ሥራ ይሸከማል። ይህን ሥራ የሚመጥን ንድፍ ምን ዓይነት ነው?

የዘመናዊ ማድ ቤት መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት የነደፈችው ክፍል ነው። ስፋቱ በግምት 1.9 በ3.4 ሜትር ሲሆን፣ አንዲት ሴት ብቻዋን በጥቂት እርምጃ እንድትሠራ የታሰበ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን አንዷ እንጀራ ስትጋግር ሌላዋ ወጥ ትሠራለች። ስለዚህ ከፍራንክፈርት የሚወሰደው የሥራው ቅደም ተከተል እንጂ የክፍሉ ልክ አይደለም። ጎታ፣ የቡኾ ዕቃ፣ ምጣድና መሶብ በአንድ ግድግዳ ተርታ ቢቀመጡ፣ የወጥ ምድጃው በትይዩ ቢሆን፣ ሁለቱ ሥራዎች አይጋጩም።

ከሁሉ የሚከብደው የጭስ ጉዳይ ነው። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም መውጫ ካልተበጀለት የቀረው ጭስ በጋጋሪዋና ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ ባይኖረውም ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ ራሱን የቻለ መስመር ይሻል።

ውበትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥቀርሻ ያላገኘው ግድግዳ የኖራ ቅቡን ጠብቆ ይቆያልና። ስለሆነም ነዳፊው ከመደርደሪያው በፊት የጭሱን መንገድ ሊያሰላ፣ ለዚህም አስቀድሞ ጋጋሪዋን ሊጠይቅ ይገባዋል።