የሰባ ፈረስ ሲያነክስ

ጎጃም ፈረስ ያከብራል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በፈረሳቸው ስም «አባ ጠና» ይባሉ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያደምቃል። ማጅራቱ የደነደነ፣ ገላው የሚያብረቀርቅ ፈረስ ብቅ ሲል ባለቤቱ ይመሰገናል። እኔ ግን ምስጋናው ላይ እጄን ትንሽ እሰበስባለሁ፤ የደነደነ ማጅራት ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለምና።

የሰውን የስኳር በሽታ ሁላችንም እናውቀዋለን። የፈረሱ ከዚህ ለየት ይላል። የፈረሱ ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ አልሰማ ሲል ቆሽቱ አብዝቶ ያመነጫል። በደሙ ያለው ስኳር ደህና ሆኖ ሳለ ኢንሱሊኑ ከልክ ያልፋል፤ ጉዳቱም የሚታየው ኮቴው ላይ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ጤነኛ ድንክ ፈረሶችን በደም ሥር ብዙ ኢንሱሊን ሰጧቸው፤ የደም ስኳራቸው እንዳይወርድም ግሉኮስ ጨመሩላቸው። በ72 ሰዓት ውስጥ ሁሉም ኮቴያቸውን ታመሙ። የኮቴው ቅርፊትና በውስጡ ያለው አጥንት እንደተጠላለፉ ጣቶች በተያያዙ ስስ ሥጋዎች የተጣበቁ ናቸው። ኢንሱሊን ሲበዛ እነዚህ ይላላሉ፤ አጥንቱም ከቦታው ይንሸራተታል።

ታዲያ በዚህ ሕመም ወቅት ምን አገባው? አውሮፓ ውስጥ በመከር ቀኑ ሲያጥር የፈረሱ ሆርሞን አብሮ ይለዋወጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም የዘለለ ልዩነት የላቸውም። እዚህ ወቅቱን ለፈረስ የሚያመጣለት ሳሩ ነው። መስከረም ላይ መስኩ ለምልሞ ማገጡ ሲበዛ፣ በካስማ ታስሮ ሙሉ ቀን የሚግጥ ፈረስ ሳያስበው ይሰባል።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሳር ቀን በፀሐይ የሠራውን ስኳር ሌሊት ለማደግ ይጠቀምበታል። ሌሊቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን እድገቱ ይቆማል፤ ስኳሩ ቅጠሉ ላይ እንዳለ ያድራል። በነጋታው ሰማዩ ጥርት ሲል ሌላ ይጨመርበታል። በደህናው ወቅት «በማለዳ አግጡት፣ ከሰዓት በኋላ ሰብስቡት» የሚለው ምክር ትክክል ነው። በስናን ወረዳና በጮቄ ተራራ ግርጌ ውርጭ ባደረበት ጧት ግን አይሠራም። ሳሩ አጭርና የጠወለገ መስሎ ስለሚታይ ባለቤቱ አይጠረጥረውም። በዚያ ላይ ለጥምቀትና ለጥር 23 በዓል ተብሎ ገብስ ከታከለበት፣ ከገብሱ የሚገኘው ስታርች ኢንሱሊኑን ይበልጥ ያንረዋል።

ፈረሳችሁን አሁኑኑ መርምሩት። ከጋማው ሥር ማጅራቱን ጨብጡ፤ ጠጣርና እጅ የሚሞላ ስብ ካለ ልብ በሉ። ቀጥላችሁ ከኮቴው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከእግሩ ኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ጣት አሳርፉ። ዕረፍት ላይ ባለ ጤነኛ ፈረስ የደም ሥሩ ትርታ በጭንቅ ይገኛል። ጣት የሚመታ ከሆነ፣ ኮቴው ከሞቀ፣ ፈረሱም የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ከጣለ፣ አትጋልቡት፤ የዚያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ኮቴው ላይ ወደ ተረከዙ እየሰፉ የሚሄዱ ቀለበቶች ካሉ ደግሞ ሕመሙ ቀደም ብሎም ጎብኝቶታል ማለት ነው።

መኖውን በተመለከተ ገብሱን፣ ብቅሉንና አተላውን ከሰባ ፈረስ ፊት አንሡ። ድርቆሹን አንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ ከስኳሩ ጥቂቱ አብሮ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ችግር ላለባቸው ፈረሶች ጤፍ ዘርተው፣ ፍሬ ሳይዝ አጭደው ድርቆሽ ያደርጉታል፤ ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ተወዳጅ ነው። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው! የእኛ ጭድ ፍሬው የተወቃበት በመሆኑ ጉልበቱ ያንሳል፤ ብቻውን ከተሰጠም ሆድ ያደርቃል። ከድርቆሽ ጋር ተደባልቆ፣ ከበቂ ውኃ ጋር ሲሆን ግን ለሰባ ፈረስ የሚመች ነው። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 3 ኪሎ ደረቅ መኖ መነሻ ይሆናል። ኮቴው ካልታመመ በየቀኑ አንቀሳቅሱት፤ እንቅስቃሴ ኢንሱሊኑ ሥራውን እንዲሠራ ያግዘዋል።

ለማክሳት ብላችሁ ግን በአንዴ አታስርቡት። የሰባ እንስሳ በድንገት ሲራብ ስቡ ወደ ደሙ ይጎርፋል፣ ጉበቱን ያውካል፤ አህያና ያረገዘች ባዝራ ላይ ይብሳል። ጎድኑ እየታየ ጋሪ ለሚጎትተው ፈረስ ደግሞ ይህ ጽሑፍ አልተጻፈም፤ የእሱን ገብስ እንዳትነኩበት አደራ።