“12 ኮር ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ንግድም ገመዱ ከምን እንደተሠራ ከማወቅ መጀመር ይኖርበታል። ሁለት ሻጮች አንድ ዓይነት ለሚመስል “12 ኮር” ጥቁር ገመድ የተራራቀ ዋጋ ሲጠሩ ብዙ ገዢ ርካሹን ያነሳል። ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ገመዱ ከተቀበረ ወይም በምሰሶ ከተሰቀለ በኋላ ነው። የመዳብ ገመድ ቢበላሽ እንኳ ለቆራሌው ይሸጣል። ፋይበር ግን ውስጡ መስታወት በመሆኑ ከተበላሸ የሚመልሰው ገንዘብ የለም፤ ኪሣራው ሙሉ ነው።

ክሩና ዓይነቱ

የገመዱ ልብ ከንጹሕ ሲሊካ፣ 2,000 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት የሚሳብ የመስታወት ክር ነው። ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ነው። ብርሃኑ የሚጓዝበት መካከለኛው ክፍል ጀርማኒየም ስለሚጨመርበት ብርሃኑ ወደ ውጭ ሳያመልጥ በውስጡ እየነጠረ ይሄዳል። ነጋዴው “12 ኮር” ሲል እንዲህ ያሉ 12 ክሮች አሉት ማለቱ ነው።

ቻርልስ ካኦ እና ጆርጅ ሆካም እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት የብርሃኑ ድካም በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች ከወረደ መስታወት ለስልክ መስመር ሊያገለግል እንደሚችል አመለከቱ። ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያ ደረሰ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ጥሩ ክር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያጠፋል።

ክሩ በሁለት ይከፈላል። ሲንግል ሞድ የሚባለው መካከሉ 9 ማይክሮን ገደማ ሲሆን ለረጅም ርቀት ያገለግላል። ከእነዚህም ጂ.652.ዲ የሚባለው ለዋና መስመር የተለመደ ነው፤ ጂ.657 ደግሞ መታጠፍን ስለሚችል ወደ ቤትና ቢሮ ለሚገባ መስመር ይመረጣል። መልቲ ሞድ የሚባለው መካከሉ 50 ወይም በቀድሞው 62.5 ማይክሮን ሲሆን በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ውስጥ ለጥቂት መቶ ሜትሮች ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ለአጭር ርቀት የሚሆነው መልቲ ሞድ በሜትር ሲታይ ከሲንግል ሞድ ይወደዳል፤ የሚረክሰው ጫፍና ጫፍ የሚገጠመው መሣሪያ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ አይተካኩም። በቤት ውስጥ ገመድ ላይ ቢጫ ልባስ ብዙውን ጊዜ ሲንግል ሞድን፣ ብርቱካናማ ወይም ውኃ ሰማያዊ ደግሞ መልቲ ሞድን ያመለክታል።

ዋጋው ያለው የት ነው?

ሲ.አር.ዩ. ግሩፕ የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት እንደገለጸው የአንድ ክር ዋጋ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በኪሎ ሜትር 3 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር፤ በ2022 ወደ 6 ዶላር ከ30 ሳንቲም ወጣ። ጭማሪው 70 በመቶ ነው። ይህ ለ12 ኮር ገመድ ሲሰላ የመስታወቱ ዋጋ በኪሎ ሜትር ከ44 ዶላር ከ40 ወደ 75 ዶላር ከ60 ሳንቲም አደገ ማለት ነው። ልዩነቱ በአንድ ሜትር 3 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ “የዓለም የመስታወት ዋጋ ጨምሯል” ብሎ በሜትር ብዙ ብር የሚጨምር ሻጭ ሌላ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ሁለተኛ፣ እጅግ ያረከሰው ሻጭ የቀነሰው ከመስታወቱ ሳይሆን ከልባሱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ልባሱ እንደ ቦታው ይለያያል። ለሚቀበር ገመድ ውኃ የሚከላከል ጄሊ፣ አይጥንና ዶማን የሚቋቋም የብረት ሽፋንና ጥቁር ፖሊ ኤትሊን ያስፈልጋል። በምሰሶ ላይ ለሚሰቀል ደግሞ የብረት ሽቦ ተሸካሚ ወይም አራሚድ የተባለው ጠንካራ ቢጫ ክር ይገባበታል። ለሕንፃ ውስጥ እሳት ቢነሳ ጭሱ አነስተኛ የሆነ ልባስ ይፈለጋል። የአራሚዱ መሳሳት፣ የፕላስቲኩ መቅጠን ወይም የብረቱ መቅረት በዓይን አይታይም፤ በሂሳቡ ላይ ግን ሻጩን ይጠቅማል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ስለሆነም ገዢው ዋጋውን በዶላር በኪሎ ሜትር ጠይቆ ማጓጓዣውንና ቀረጡን ለብቻ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ብቻ የተጠራ ዋጋ የምንዛሪውን ለውጥ ከዕቃው ጥራት ጋር ያደባልቃል። በፕሮፎርማው ላይም የክሩ ዓይነት፣ ብዛቱ፣ የልባሱ ውፍረትና የብረቱ ዓይነት ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት።

ዕቃው ሲደርስ በልባሱ ላይ በየሜትሩ የታተመውን ቁጥር መመልከት ይገባል። ከመጨረሻው የመጀመሪያው ሲቀነስ የድራሙን ርዝመት ይሰጣል። ቀጥሎ ኦቲዲአር በተባለው መሣሪያ ክሮቹን አንድ በአንድ ማስለካት ነው። ጤነኛ ሲንግል ሞድ በ1,310 ናኖ ሜትር ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.35፣ በ1,550 ደግሞ 0.2 ዴሲቤል ገደማ ያጠፋል። ስለዚህ 4 ኪሎ ሜትር የያዘ ድራም 1.4 እና 0.8 ዴሲቤል ገደማ ማሳየት ይኖርበታል። ከዚህ እጅግ ከበለጠ፣ ወይም በአንዱ ክር ላይ ብቻ ድንገተኛ ዝቅታ ከታየ፣ ድራሙን አለመረከብ ነው። በመጨረሻም ከጫፉ ግማሽ ሜትር ቆርጦ ልባሱን ገልጦ ከፕሮፎርማው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ግማሽ ሜትር ገመድ መቁረጥ የሚያስወጣው ኢምንት ነው። ያልተቆረጠው ግማሽ ሜትር ግን አራት ኪሎ ሜትር ሊያስቆፍር ይችላል።