የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ጌታው ማነው?

ዛሬ ስለ ጋሪ ፈረስ እንማራለን።

ድሮ ፈረስ ትልቅ ክብር ስለነበረው ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ደግሞ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። አሁን ግን እንደ አምቦና ጉደር ባሉ ከተሞች ፈረስ ጋሪ ሲጎትት ኖሮ ሲያነክስ ወይም ሲያረጅ አንዳንድ ባለቤት መንገድ ላይ ይለቀዋል።

የተለቀቀ ፈረስ ምን ይደርስበታል?

ሣር ሲያጣ ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ ፌስታል ይበላል። ፈረስ እኮ እንደ ውሻ ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ ፌስታሉ አንጀቱን ዘግቶ ሊገድለው ይችላል። ማታ ጅብ አለ። የነቀምቴው አስፋልት ላይ ከቆመ ደግሞ መኪና ይገጨዋል፤ ሰውም ሊሞት ይችላል።

ጥሩ ባለቤት ምን ያደርጋል?

1. በቂ ሣርና ውሃ ይሰጠዋል። ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል።
2. ከቆሰለ ጋሪ አያስጎትተውም፤ የእንስሳት ሐኪም ጋ ይወስደዋል።
3. ማታ በረት ያስገባዋል።
4. ፈረሱ ጉልበት እያለው ከሚያገኘው ገንዘብ ላይ ለእርጅናው መኖ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል።

እኛስ?

ድንጋይ አንወርውርበት። ስለሚራገጥ ከኋላው አንቁም። ፌስታል ሜዳ ላይ አንጣል። አስፋልት ላይ ካየነው ራሳችን ሳንገባ ለትልቅ ሰው እንንገር።

ፈረሱ ሲሠራ ጌታ ነበረው። ሲደክምም ጌታ ሊኖረው ይገባል።

ጥያቄ፦ ፌስታል ከውሻ ይልቅ ፈረስን ለምን ይጎዳል?