በሩን ዘግቶ መጠየቅ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል። ግን በሽተኛ ለምን ይደብቃል? አንዳንዴ የሚያስደብቀው የሐኪሙ አጠያየቅ ነው።

አንዲት ገበሬ ክንዷ አብጦ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። ባሏ አብሯት ገባ። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያያት፣ ካርድ ላይ እየጻፈ፣ “ምን ሆንሽ?” አላት። እሷም ባሏን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችና “እንጨት ስለቅም ወድቄ ነው” አለች። ክንዷ ታሸገ። ክንዷ ዳነ፤ ዱላው ግን አልቀረም።

ከወራት በኋላ እንደገና ተጎድታ መጣች። ያን ቀን የነበረችው ሐኪም ሌላ ናት። ባልየውን “ምርመራ ስላለ ደጅ ይጠብቁን” አለችው። በሩን ዘጋች። ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

“እትዬ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከመመታት ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚመታዎት ሰው አለ? የሚነግሩኝን ለባልዎ አልናገርም” አለቻት።

ሴትዮዋ ዝም አለች። ሐኪሟም ሳትቸኩል ጠበቀቻት። በመጨረሻ “ልጄ፣ እስከ ዛሬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል!” ብላ ሁሉንም ነገረቻት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ያሉ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው 100 ሴቶች ውስጥ 71ዱ በባላቸው ወይም በወዳጃቸው መመታት ወይም ያለፈቃድ መገደድ ደርሶባቸዋል። የጠየቋቸው የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው፤ የጠየቋቸውም ለብቻቸው ነው። አፍ የሚከፍተው እንዲህ ያለው አጠያየቅ ነው።

ይኸው ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ለሐኪሞች መመሪያ አወጣ። በባል ፊት አትጠይቁ፤ አዳምጡ፤ ምሥጢር ጠብቁ፤ ተናገሪ ብላችሁ አታስገድዱ ይላል። “ምን አድርገሽው ነው?” የሚል ሐኪም የተመታችዋን ጥፋተኛ ያደርጋታል፤ አፏንም ይዘጋዋል።

ሚስትን መደብደብ የቤት ገመና ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ያስቀጣል።

እህቴ ሆይ፣ ሐኪሙ በሩን ካልዘጋ አንቺ “ብቻዬን ላነጋግርዎ” በይው። መብትሽ ነው።

ጥያቄዎች
1. ሴትዮዋ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ለምን ደበቀች?
2. ሁለተኛዋ ሐኪም ምን ምን አደረገች?
3. በቀበሌያችሁ የተመታች ሴት ለማን ትናገራለች? ተወያዩበት።