ማደሪያ እንደ ሕክምና አካል፦ ከሩቅ ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናትና አስታማሚዎቻቸው የሚሰጥ ጊዜያዊ ማረፊያ

መግቢያ

የሕፃናት ካንሰር በአብዛኛው ሊድን የሚችል በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚታመሙት ሕፃናት ከ80 በመቶ የሚበልጡት ይድናሉ፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በሕይወት እንዲቆዩ ግብ አስቀምጧል። ለልዩነቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የበሽታው ዘግይቶ መታወቅ፣ የመድኃኒት እጥረት እና የሕክምና መቋረጥ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ የመጨረሻውን በመውሰድ፣ ጊዜያዊ ማረፊያ ለታካሚው ቤተሰብ የሚደረግ በጎ አድራጎት ብቻ ሳይሆን የሕክምናው አካል ተደርጎ ሊታይ እንደሚገባ ያስረዳል።

የሕክምናው የጊዜ ሰሌዳና የመኖሪያ ርቀት

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የካንሰር ዓይነት አጣዳፊ የደም ካንሰር (ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ) ሲሆን ሕክምናው በአጠቃላይ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ከባድ ሕክምና ነው። ቀጥሎ ሕፃኑ በተመላላሽነት ኬሞቴራፒ የሚወስድባቸው ወራት ይመጣሉ፤ በመጨረሻም በአብዛኛው በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት የሚከናወን ረጅም የማቆያ ሕክምና ይከተላል።

የማደሪያ ጥያቄ ጎልቶ የሚነሣው በመካከለኛው ምዕራፍ ነው። በዚህ ወቅት ሕፃኑ በየዕለቱ የሆስፒታል አልጋ አያስፈልገውም፤ ለሆስፒታሉ ቅርብ መሆን ግን ግድ ይለዋል። መድኃኒቱ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ በሌላ ጊዜ ቀላል የሚባል ትኩሳት በዚህ ወቅት ሳይውል ሳያድር ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በደም ሥር መስጠትን የሚጠይቅ አደጋ ይሆናል። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሊደረስበት የማይችል ጊዜ ነው።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ለረጅም ጊዜ ተጠቃልሎ የኖረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነበር። ከዚያ ወዲህ በጅማ፣ በጎንደርና በመቐለ አገልግሎቱ ቢጀመርም፣ የአገሪቱ ስፋትና የገጠሩ ሕዝብ ብዛት ሲታሰብ ለብዙ ወላጆች ሕክምና ማለት አሁንም ከአገር ቤት ርቆ መቆየት ነው።

ከሆስፒታል አልጋ የወጣ ሕፃን የያዘ ወላጅ በፊቱ ያሉት አማራጮች ጥቂት ናቸው፤ በሆስፒታሉ አካባቢ ክፍል መከራየት፣ በዘመድ ቤት መጠጋት ወይም ወደ አገር ቤት መመለስ። ኪራዩ ለሕክምና የተያዘውን ገንዘብ ይጨርሳል። ዘመድ ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚያድርበት ጠባብ ክፍልም ኩፍኝን ለመሰሉ ተላላፊ በሽታዎች ያጋልጣል። ሦስተኛው አማራጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕክምናው ፍጻሜ ይሆናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተዘረጋው ለሕክምና አገልግሎት ክፍያ በመሆኑ የማደሪያውን ሸክም ከወላጁ ትከሻ አያወርድም።

በባለሙያዎች ዘንድ ለመዳን ታስቦ የታዘዘን ሕክምና አለመጀመር ወይም ለ4 ተከታታይ ሳምንታትና ከዚያ በላይ ማቋረጥ «ሕክምናን መተው» ይባላል። ቃሉ ውሳኔው የወላጁ እንደሆነ ያስመስላል። መኸር የደረሰበት፣ ሌሎች ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ የወጣ፣ ገንዘቡም ያለቀበት አባት ግን ሕክምናውን ተወ ከማለት ይልቅ መቆያ አጣ ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል።

የማረፊያ ቤቶች አጀማመር

የማረፊያ ቤት አሳብ ሥርዓት ይዞ ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ናት። የሕፃናት ካንሰር ሐኪሟ ዶክተር ኦድሪ ኢቫንስ የታካሚዎቻቸው ወላጆች በመተላለፊያና በወንበር ላይ ሲያድሩ ይመለከቱ ነበር። ሴት ልጁ በደም ካንሰር የታመመችበት የአሜሪካ እግር ኳስ (አሜሪካን ፉትቦል) ተጫዋች ፍሬድ ሂል እና የቡድኑ ባልደረቦች ገንዘብ በማሰባሰብ፣ የማክዶናልድ ምግብ ቤቶችም በማገዝ፣ የመጀመሪያው የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ።

በአዲስ አበባም «ተስፋ አዲስ» የተባለው የካንሰር ሕሙማን ሕፃናት ወላጆች ድርጅት እና ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ማረፊያ በመስጠት ይታወቃሉ። ሁለቱንም የወለደው የወላጆች ሐዘንና ተሞክሮ ነው።

ከእናቶች ማቆያ የሚገኝ ትምህርት

አሳቡ ለኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት እንግዳ አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰና ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች በአቅራቢያው እንዲቆዩ የሚያስችል የእናቶች ማቆያ ካቋቋመ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ያለውን የ22 ዓመት መዝገብ የመረመረ ጥናት በማቆያው በኩል የገቡ 6,805 እናቶችን በቀጥታ ከመጡ 17,343 እናቶች ጋር አነጻጽሯል። የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት በማቆያው ለቆዩት 89.9፣ በቀጥታ ለመጡት ደግሞ 1,333.1 ነበር። ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከ1,000 ወሊድ 17.6 እና 191.2 ነበሩ።

እነዚህ አኃዞች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በቀጥታ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ምጡ ከጸናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሚሆኑ የልዩነቱ ሙሉ ምክንያት ማቆያው ነው ማለት አይቻልም። የሚያሳዩት ግን ግልጽ ነው፤ አደጋው ሳይደርስ በሆስፒታል ደጃፍ የተገኘና ከደረሰ በኋላ መንገድ የጀመረ ታካሚ ዕድላቸው እኩል አይደለም። ትኩሳት የያዘው የካንሰር ታካሚ ሕፃንም የሚገኘው በዚሁ ሁኔታ ውስጥ ነው።

መፍትሔ የሚሹ ጥያቄዎች

ማረፊያ ቤት ሲስፋፋ የራሱን ጥያቄዎች ያስነሣል። አንደኛው የተረኛነት ጉዳይ ነው፤ አልጋው ውስን በሆነበት ቅድሚያ የሚሰጠው ለሩቅ ነዋሪ ነው፣ ለድኻው ወይስ ሕክምናው ለከበደው? ሁለተኛው የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነው፤ አቅማቸው የደከመ ሕፃናት በአንድነት የሚኖሩበት ቤት የሚያሳልን ሰው የሚለይበት ክፍልና ንጹሕ ማብሰያ ከሌለው ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ሦስተኛው በቤት የቀሩት ናቸው፤ ማረፊያው ሕፃኑንና አንድ አስታማሚ ሲቀበል፣ የቀረው ቤተሰብ ኑሮ ሳይደገፍ ከቆየ አስታማሚው ለመመለስ ይገደዳል። ወጪውም ቢሆን ከሌላ ወገን ሊታይ ይገባል፤ ማደሪያ በማጣቱ ብቻ በሆስፒታል አልጋ የሚቆይ ሕፃን ተራ የሚጠብቀውን አዲስ ታካሚ ቦታ ይይዛል።

ማጠቃለያ

ማረፊያ መድኃኒትን አይተካም፤ መድኃኒቱ በጊዜው እንዲደርስ ግን ያስችላል። በመሆኑም የሕፃናት ካንሰር ማዕከል ሲታቀድ ማደሪያው ከፋርማሲውና ከላቦራቶሪው ጋር በአንድ በጀት ሊታሰብ ይገባል። የታካሚው የመኖሪያ ወረዳ፣ የመንገዱ ርዝመት እና በተመላላሽነት ወቅት የሚያድርበት ቦታ ምርመራው በተረጋገጠበት ቀን ቢመዘገቡ፣ ሕክምናቸው የተቋረጠ ሕፃናት ከማደሪያ ጋር ያላቸውን ግንኙነት መከታተል ይቻላል። ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም ምቹ የጥናት መስክ አለ፤ በተመሳሳይ ርቀት የሚኖሩ ሆነው ማረፊያ ያገኙትንና በተራ ጥበቃ ላይ የቆዩትን ማነጻጸር ከአጣጡ መዝገብ የተሻለ ማስረጃ ሊያስገኝ ይችላል። እስከዚያው በመዝገብ ላይ «ከቀጠሮ ቀረ» የሚለው ሐረግ፣ «የት ያድር ነበር?» የሚል ጥያቄ ሊከተለው ይገባል።