ስልካችሁን አንሡ፣ ጤናን አሳዩን

እጅ ታጠቡ፣ አትክልት ብሉ፣ ስፖርት ሥሩ፤ ይህን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ የለም። እኔ ግን ስለ ጤና የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ የሠራ ተማሪ፣ መቶ ጊዜ ከተመከረው ይልቅ ልማዱን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ። ለሌላው ለማሳየት የተነሣ ሰው አስቀድሞ ራሱ ልብ ብሎ ማየት አለበትና።

የተማሪዎች የጤና ቪዲዮ ውድድር ሲዘጋጅ የምደሰተው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «ጤና ለሁሉም» የተሰኘ የአጫጭር ፊልሞች ፌስቲቫል ያካሂዳል፤ ለተማሪዎች ሥራም ልዩ ሽልማት ሰጥቷል። ከዚያ መድረክ ለመድረስ መነሻው ደግሞ ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውስጥ አለ፦ ሚኒ ሚዲያ። በሰልፍ ሰዓት ዜናና ግጥም የሚያሰማው ክበብ ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስፈልጉት አንድ ፈቃደኛ መምህር፣ አንድ ርዕስና ጥቂት ስልኮች ብቻ ናቸው።

ምን እንቅረጽ ካላችሁኝ ከስኳር ጀምሩ። 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። ቁጥሩን ብትናገሩት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ይልቅ ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ቀረጻውን ሳታቋርጡ ስኳሩን አንድ በአንድ ጨምሩ። ዝም በሉ፤ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ይሰማ። አምስተኛው ላይ ተመልካቹ «በቃ!» ማለት ሲጀምር ለእናንተ ገና አራት ይቀራችኋል። መጨረሻ ላይ ይህን ጻፉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ በቀን የሚወሰደው ስኳር ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል ይላል። ያን ቪዲዮ የሠራች ልጅ በማግስቱ ሱቅ ስትሄድ ለስላሳውን እንደ ድሮው አታየውም፤ የቤተሰቦቿም ዓይን ይከፈታል።

እንቅስቃሴም ጥሩ ርዕስ ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። ለዚህ ጂም አያስፈልግም። ሰኞ ማክሰኞ አለ፣ ገመድ ዝላይ አለ፣ የጨርቅ ኳስ አለ። አያታችሁን «በልጅነትዎ ምን ይጫወቱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ሲያሳዩአችሁ ቅረጹ፤ ከየትኛውም የስፖርት ማስታወቂያ የበለጠ ልብ ይነካል። የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ሲካሄድ ስልካችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሕፃን ራሱ ሙሉ ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን የክፍል ጓደኛችሁን መሣቂያ የሚያደርግ ቪዲዮ አትሥሩ። ሰው በገላው እንዲያፍር ማድረግ ጤናን ማስተማር አይደለም። ከመቅረጻችሁ በፊትም ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ያለውን አክብሩ።

ለዳኞችም የምለው አለኝ፤ በተለይ ለመምህራን። ካሜራው ስላማረ ብቻ አትሸልሙ። ስልክ የሌለው ልጅ በቡድን ገብቶ ሐሳብ ያፍልቅ፣ ድምፁን ይስጥ፣ ይተውን። ሽልማቱ የክፍሉ ልጆች አይተው ነገ ሊተገብሩት የሚችሉትን ነገር ላሳየው ቪዲዮ ይገባል። የሳሙና እጥረት ያለበትን የእጅ መታጠቢያ ቀርጾ መፍትሔውን ጭምር ያሳየ ቡድን ለእኔ አንደኛ ነው፤ ምስሉ ቢንቀጠቀጥም እንኳ።

እናንተም ማስታወቂያ እስኪለጠፍ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ ርዕስ ምረጡ፣ ሁለት ጓደኞቻችሁን ጥሩ፤ ነገ ጠዋት የሚኒ ሚዲያውን መምህር «ውድድር እናዘጋጅ» በሏቸው።